ግራ ትከሻቸውን ሰጡኝ

የቀኝ ትከሻህ አጥንት ደም አጥቶ ሞቷል ተባልኩላችሁ። ሐኪሙ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። "የሞተውን የክንድህን አጥንት ኳስ መሰል ጫፍ ብቻ በብረት ብንቀይረው፣ ብረቱ ኳሱ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ ማረፊያ እየበላ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ማረፊያውንም አብረን በፕላስቲክ ብንቀይረው ሕመሙ በተሻለ ሁኔታ ይጠፋል፤ ግን ከባድ ሥራ ፕላስቲኩን ሊያላቅቀው ይችላል። አስብበት" አለኝ። እኔ ደግሞ ለቡ አካባቢ ኮርኒስ ገጣሚ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እጄ ከራሴ በላይ ነው። ምኑን ላስብ?

ጭንቅ ሲለኝ፣ የቀኝ ትከሻቸውን ኳሱንም ማረፊያውንም ያስቀየሩ ሰውዬ መካኒሳ አሉ ሲባል ሰምቼ ቤታቸው ሄድኩ። "ጋሼ፣ አሁን ያምዎታል?" ስላቸው ሳቁ። "ኧረ በጭራሽ! ድሮ እንቅልፍ አልነበረኝም፤ አሁን ሚስቴ ታንኮራፋለህ እያለች ታማርራለች።" እፎይ አልኩ። በቃ፣ ሁለቱንም አስቀይራለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ስንሰነባበት ትከሻ ለትከሻ ገጨት አደረግን። ከታመምኩ ወዲህ እኔ ግራዬን፣ ሰው ቀኙን እየሰጠ አፍንጫችን ሊጋጭ ነው የሚደርሰው። ከሳቸው ጋር ግን ልክክ አለ። ደስ ብሎኝ በሩ ጋ ስደርስ ነው ክው ያልኩት።

"ጋሼ፣ አያምም ብለውኝ ለምን ግራዎን ሰጡኝ?"

ቀኝ ትከሻቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉት። "አያምምማ። እንዳይላቀቅብኝ ስለምሳሳለት ነው።"

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሰልፍ ላይ ሰው ሲጋፋኝ ዘወር አልኩ። ራሴን ሳየው፣ ገና ያልተገጠመልኝን ትከሻ በመዳፌ ሸፍኜ ቆሜያለሁ።