ከነስሕተታቸው እንዲነበብ ያዘዙት የሲስተር የብርጓል ገዳሙ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ጎረቤቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ለቀስተኞች፤ በአገራችን የሟች ታሪክ ሲነበብ መልካም መልካሙ ብቻ ስለሚመረጥ፣ ዜና ሕይወት ብቻ ሰምቶ ለሚፈርድ ሰው ክፉ ሰው ከቶ ሞቶ የሚያውቅ አይመስለውም። ሲስተር የብርጓል ገዳሙ ግን ባለፈው ክረምት ሕመማቸው ሲጸና፣ አንድ ስሕተታቸው ሳይለዘብ በዚህ ጽሑፍ ገብቶ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አዘዋል፤ ምክንያቱም በእርሳቸው ስሕተት የአንዲት እናት ስም ለሃያ ሁለት ዓመት ያለ ጥፋቷ በክፉ ሲነሣ ኖሯል። እኛም ትእዛዛቸውን እንፈጽማለን።

ሲስተር የብርጓል ከአባታቸው ከመሪጌታ ገዳሙ ዘለቀና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንጠግቦሽ አየነው፣ በስናን ወረዳ ከሮብ ገበያ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር ጥቅምት 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የክርስትና ስማቸውም ወለተ ሰንበት ተባለ። ፊደልና ዳዊትን ከአባታቸው ተማሪዎች ኋላ ተቀምጠው ስለ ተማሩ፣ በዘጠኝ ዓመታቸው አጽዋማትንና በዓላትን በቃላቸው ይዘው ነበር። ይህን የምናነሣው ለማወደስ ሳይሆን ለሚከተለው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ዘመናዊ ትምህርታቸውን በሮብ ገበያ ጀምረው በደብረ ማርቆስ ከፈጸሙ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በመርጡለ ማርያምና በጉንደ ወይን አገልግለዋል። በ1975 ዓ.ም. ከመምህር አማረ ጋር ጋብቻ መሥርተው አራት ዓመት ከሰባት ወር አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። ትዳሩ ለምን እንደ ፈረሰ ሁለቱም ለማንም ስላልተናገሩ እኛ የምናውቀው ነገር የለም፤ እናውቃለን የሚሉ ጎረቤቶች ግን አልጠፉም።

በ1985 ዓ.ም. ወደ ሮብ ገበያ ተዛውረው ለክትባት ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ አራት ልጅ አለን በሚባልበት ቤት የአምስተኛው ድምፅ ከጓዳ ሲሰማ አስተዋሉ። እነዚህ የሚጥል በሽታ ያለባቸው፣ አፋቸውን ያልፈቱ፣ አእምሯቸው ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀረ ወይም ጠባያቸው ያስቸገረ ልጆች ነበሩ፤ ወላጆቻቸው የደበቋቸውም ስለ ጠሏቸው ሳይሆን የሰው አፍ ስለ ፈሩ ነው። ሲስተር የብርጓልም እናቶችን መጠየቅ ትተው የክርስትና እናቶችን መጠየቅ ጀመሩ። ልጁን ከጎረቤት የሸሸገ ቤት ከክርስትና አይሸሽገውም፤ የክርስትና ልጆችሽ ስንት ናቸው የተባለች ሴትም በገበያ መካከል ሳትሸማቀቅ ቆጥራ ትነግራለች። በዚህ መንገድ በአንድ ዓመት ሠላሳ አንድ ልጆች አግኝተው፣ ከጤና ጣቢያው ጎን ባለች አንዲት ክፍል ሐሙስ ሐሙስ ይቀበሏቸው ጀመር።

ከእነርሱ አንዱ፣ ሮጦ ገደል እንዳይገባ በምሰሶ የታሰረ የስምንት ዓመት ልጅ፣ አበረ ነበር። ሲስተር የብርጓል ቤተሰቡን አልተቆጡም፤ ገመዱን በየሳምንቱ አንድ ክንድ እንዲያስረዝሙትና ልጁ በደረሰበት ቦታ አንድ የሚሠራ ነገር እንዲሰጡት ብቻ ለመኑ። ገመዱ በሩን አልፎ፣ በረቱን አልፎ፣ በስተመጨረሻ ማን እንደ ፈታው እንኳ ሳይታወቅ ተፈታ። ዛሬ አቶ አበረ የዚህን ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ይጠርጋሉ፤ በዚህ ንባብ መካከል ድምፅ ቢያሰሙ ማንም እንዳይቆጣቸው አደራ እንላለን።

ሥራው ግን ወዳጅ አላበዛላቸውም። «የለከፋቸው ሐኪም» የሚል ስም ወጣላቸው፤ ነፍሰ ጡሮች በመንገድ ሲያገኟቸው ወደ ማዶ ይሻገሩ ነበር። የሠርግ ጥሪም ይደርሳቸው ነበር፤ የሚደርሳቸው ግን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። እርሳቸውም እንደ ዘገየ ሳያስመስሉ አመስግነው፣ ምሽቱን ብቻቸውን ራት በልተው ይተኙ ነበር።

አሁን እንዲነበብ ወዳዘዙት ደርሰናል።

የወይዘሮ ሥራነሽ ልጅ አርሴማ፣ የክርስትና ስሟ አመተ ማርያም፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አትናገርም፤ የሚጥል በሽታም ነበረባት። ሲስተር የብርጓል «ማታ ማታ ከራት በኋላ አንዳንድ ፍሬ» ብለው በሰጧት መድኃኒት ዐሥራ አራት ወር ሳትወድቅ ቆየች። ከመዳኗ የተነሣ በ1994 ዓ.ም. ፍልሰታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኩዮቿ ጋር ተሰልፋ ዕለት ዕለት ልትቆርብ በቃች። እናቷም ከራት በኋላ እስከ ሥጋ ወደሙ ድረስ ምንም ነገር ወደ አፍ እንዳይገባ በመጠንቀቅ፣ የማታውን ፍሬ ለዐሥር ሌሊት አስቀሩት፤ መድኃኒቱን ንቀው ሳይሆን ቁርባኑን አክብረው ነው። በነሐሴ ዐሥራ አንድ የጣላት ሕመም አልለቅ አላት፤ በቃሬዛ ወደ ከተማ ሲወስዷት በመንገድ ዐረፈች።

የበላይ መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን «ቤተሰቡ የተሰጠውን ትእዛዝ ባለማክበሩ» ብሎ ጻፈ። ሲስተር የብርጓል ግን በአንድ ገጽ እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ፍልሰታ መቼ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ራሴም እየጾምሁ ነበር። ልጅቱ ትቆርባለች ወይ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።» ገጹ ከመዝገብ ገባ፤ እርሳቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ካርድ ክፍል ተዛወሩ፤ የሐሙሷም ክፍል ሦስት ዓመት ተዘጋች። የነፍስ አባታቸው አባ አምደሚካኤልም በሐዘን፣ «ልጄ፣ ቀድመሽ ብትጠይቂኝ ለታመመ ሰው መድኃኒት ምግብ አይደለም እልሽ ነበር» አሏቸው። ከዚህ የከበደ ቃል ሰምተው እንደማያውቁ ይናገሩ ነበር።

በመንደሩ ወይዘሮ ሥራነሽ «ልጇን በጾም የገደለች» ተባሉ። ሲስተር የብርጓል በሰንበቴ ላይ ቆመው ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ቢናገሩ፣ ሰው ትሕትናቸውን አደነቀ እንጂ አላመናቸውም፤ እርሳቸው ይበልጥ ሲመሰገኑ እናቲቱ ይበልጥ ጥፋተኛ ሆኑ። ስለዚህ በየዓመቱ ነሐሴ ዐሥራ አንድ ቀን ወደ ወይዘሮ ሥራነሽ ቤት በእግራቸው እየሄዱ፣ ይቅርታ ለመጠየቅ በሩን ያንኳኳሉ፤ አይከፈትም፤ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ይመለሳሉ። ባለፈው ክረምት ሕመሙ እስኪያስቀራቸው ድረስ፣ እንዲህ ሃያ አንድ ጊዜ ሄደዋል።

ክፍሏ በ1997 ዓ.ም. ስትከፈት ወደ ሥራቸው ተመልሰው፣ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የልጁን ቤተሰብ የነፍስ አባት ሳያነጋግሩ አንዲት ፍሬ መድኃኒት አልሰጡም። ከእርሳቸው የተማሩ የጤና ሠራተኞችም ዛሬ ከልጁ ክብደት ቀጥለው የሚጠይቁት ጾሙን ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በደብረ ማርቆስ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ኖሩ፤ ሐሙስ ሐሙስ በማለዳ ለብሰው የሚሄዱበት ሳይኖር ይቀመጡ እንደ ነበር የወንድማቸው ልጅ ታስታውሳለች። በልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው ትናንት፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

የሚከተለው ዛሬ ጧት የተጨመረ ነው። ወይዘሮ ሥራነሽ ለቀብሩ ከመንደራቸው መምጣታቸውን ሰምተን፣ ይህ ሁሉ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ይፈቅዱ እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። እንዲህ አሉን፦

«ይነበብ እንጂ። ብቻ እኔም የምጨምረው አለኝ። ይቅርታውንማ ገና በዓመቱ በልቤ ሰጥቻቸው ነበር። ከደጃፌ ሲቀመጡ እኔም በውስጥ በኩል በሩን ተደግፌ እቀመጥ ነበር፤ ሲያስሉ እሰማለሁ። ብከፍት ‹ልጇን ገድላ ከሐኪሟ ጋር ጠላ ጠጣች› ይሉኛል ብዬ ነው። አሁንማ ለማን ልክፈት?»

ሲስተር የብርጓል ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል። እናንተ ግን ሰምታችኋል፤ ከዚህ ስትመለሱ የወይዘሮ ሥራነሽን ስም እንደ ሰማችሁት አድርሱት።

ከሥጋ ዘመድ ወንድማቸው አቶ ውበቱ ገዳሙና ያስታመመቻቸው የወንድማቸው ልጅ ፀደንያ ውበቱ በሐዘን ቀርተዋል፤ ሌሎቹን በዚህ ቅጽር ቆመው የምታዩዋቸውን ልጆችና እናቶች ለመዘርዘር ወረቀቱ አይበቃንም። ካህናት አባቶቻችን ዛሬ በጸሎታቸው ሁለት ስም እንዲያነሡ እንለምናለን፦ እግዚአብሔር አምላክ የአመተ ማርያምንና የወለተ ሰንበትን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ፣ በር በማይዘጋበት ስፍራ ያሳርፍ፤ በሕይወት ላለነውም ጊዜ ሳያልፍ ይቅር የምንባባልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።