ብርሃን ክፍል ስገባ ክፍሌን የያዘልኝ ሰው

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤ አዳራሹን አሳምራችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ልትሸኙኝ ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አላስረዝምም፤ የሒሳብ መምህር ብዙ ቃል አያውቅም።

አንድ ሰው ሳላመሰግን ግን አልወጣም። እዚያ ጥግ የተደበቀውን የስፖርት መምህራችንን፣ ሁላችን ፊሽካ የምንለውን።

የዛሬ ስምንት ዓመት ለምጽ ወጣብኝ። መጀመሪያ አፌ ጥግ፣ ከዚያ ጉንጬ፣ ቀጥሎ ጣቶቼ ላይ። ጓንት አድርጌ በጠመኔ ስጽፍ ታስታውሳላችሁ? "በርዶኝ ነው" እላችሁ ነበር። በዚያ ሙቀት ማን አመነኝ?

የቆዳ ሐኪሟ መስፋፋቱን እንዲገታ ለጥቂት ወራት የስቴሮይድ ኪኒን፣ ከእሱም ጋር በሳምንት ሦስት ቀን የብርሃን ሕክምና አዘዘችልኝ። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ቁም ሣጥን የሚያክል ማሽን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ መቆም ነው። ችግሩ ሰዓቱ ነበር፤ ልክ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሲጀመር!

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌ ወደ ቢሮ ስሄድ ፊሽካ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ነገርኩት።

"እርስዎ ይታከሙ፤ ክፍሉን እኔ እይዘዋለሁ።"

"አንተ ሒሳብ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። ያስተምሩኛላ!"

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ምሳውን በአንድ እጁ፣ እርሳሱን በሌላው ይዞ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ትምህርቱ ሳይገባው ተነሥቶ አያውቅም። ክፍልፋይ ያስቸገራቸውን ሜዳ አውጥቶ፣ ግማሽ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሮጠ አስተማራቸው። በዚያ ዓመት ከክፍሉ አንድ ተማሪ አልወደቀም። በእኔ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም፤ ይኸው አመንኩ!

በአራተኛው ወር ጉንጬ ላይ ሰሊጥ የሚያካክሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፤ የቆዳዬ ቀለም መመለስ ጀመረ። ሮጬ ሄጄ አሳየሁት፤ በደስታ ፊሽካውን ነፋው። ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ተገናኙ፤ ፊቴ ተመለሰ።

ጣቶቼ ግን እንቢ አሉ። ሐኪሟ "ጣት ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከዚህ በላይ ተስፋ አልሰጥሽም" ያለችኝ ቀን እያለቀስኩ ፊሽካ ጋ መጣሁ።

"ተማሪዎቹ እጄን ያዩብኛል" አልኩት።

"ኧረ እነሱ የሚጨንቃቸው፣ ጽፈው ሳይጨርሱ ሰሌዳውን እንዳያጠፉባቸው ነው!"

በማግስቱ ጓንቴን አውልቄ ገባሁ። ሰሌዳውን ሞልቼ ጻፍኩ፤ ዳስተሩን ሳነሣ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ጮኸች፦ "ቲቸር፣ እባክዎ አያጥፉት፣ አልጨረስንም!"

ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ጓንት አድርጌ አላውቅም።

ፊሽካ ወንድሜ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ። እናንተም፣ የለፋችሁባቸው ልጆች ለቁም ነገር በቅተው ለማየት ያብቃችሁ፤ ሲጨንቃችሁም "እኔ አለሁ" የሚል ሰው አያሳጣችሁ።