መናኸሪያው የት ይሁን?

ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ቀን 1990 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ምስጋና የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ከአሶሳ ዐሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አንዲት ጠባብ ድልድይ አጠገብ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ነዳጅ የለውም ተብሎ በሰው መኪና ነው የመጣው። አሁን የሚመልሰው አጥቷል፤ እንዲህ ያለ ቀን የሚያናድደውን ያህል የሚያናድደው ነገር የለም።

ምስጋና ከሌላ ክልል ተመድቦ ወደ አዲሱ ክልል ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ሥራው የትራንስፖርት ጉዳይ ነው። ከአራቱ ዓመት ሦስቱን የበላበት ደግሞ ለፋሹርና ለሰፈራው የታሰበ አንድ ትንሽ መናኸሪያ ነው። ትንሽ ስንል በእርግጥም ትንሽ ነው፤ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ መኪና ገብቶ የሚዞርበት ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ። ለመሥራት አርባ ቀን ይበቃል። የት እንደሚሠራ ለመወሰን ግን ሦስት ዓመት አልበቃም!

ፋሹር ከድልድዩ ወዲህ፣ በአሶሳ በኩል ያለች የነባሮቹ መንደር ናት። ሰፈራው ከድልድዩ ወዲያ፣ በድርቁ ዘመን ከወሎ የመጡ ሰዎች የቆረቆሩት ነው። ፋሹር «በእኛ በር ይሁን» አለች፤ ሰፈራው «በእኛ በር» አለ። ሾፌር ፋሹር ላይ ሲያቆም ሰፈራው ይቆጣል፤ ሰፈራው ላይ ሲያቆም ፋሹር ትቆጣለች። በመጨረሻ ቦታው እስኪወሰን የትም እንዳይቆም ታዘዘ። ስለዚህ የሁለቱም መንደር ሰው መኪና ፍጥነት የሚቀንስበት ድልድይ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ሾፌሩ ካዘነለት ይንጠለጠላል፤ ካላዘነለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። የምስጋና መሥሪያ ቤት «እንግዲያው ድልድዩ ጋ ይሁን» ቢል ሁለቱም ወገኖች በአንድ ድምፅ እምቢ አሉ። ሁለቱ መንደሮች የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ዐሥራ አንድ ጊዜ ስብሰባ ተጠርቷል። በፋሹር ልማድ ነገር ተነጋግሮ ሲያልቅ ሽማግሌው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ፋቲሃ፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ጸሎት፣ ይቀራል፤ ከፋቲሃ በኋላ ወደ ኋላ የሚል የለም። አንድ ሽማግሌ እጁን ካልዘረጋ ግን ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። ዐሥራ አንዱንም ጊዜ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ የተነሡት ሼህ ባቢከር ናቸው።

ታዲያ ያን ዕለት ምስጋና አጠገብ መጥቶ የቆመው ማን ይመስላችኋል? ራሳቸው ሼህ ባቢከር! ከኋላቸው ልጃቸው ነዕማ የብረት ሳጥን ተሸክማ ትከተላለች።

«ሰላም አለይኩም፣ ምስጋና። ደህና ነህ? ቤት ደህና? ሥራ ደህና?»

«ወአለይኩም ሰላም፣ ሼህ። ቤቱ ደህና ነው፤ ሥራው ነው ደህና ያልሆነው። ወዴት ነው?»

«አሶሳ። ነዕማ የጤና ኮርስ አገኘ። ፈተና አለፈ፤ ከፋሹር እሱ አንድ ብቻ ነው ያለፈ። ዛሬ መመዝገብ ያልቃል፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት።» ለሼህ ባቢከር አማርኛ ከቤርታና ከዐረብኛ ቀጥሎ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ወንዱንም ሴቱንም «እሱ» ይላሉ፤ የሚቀየማቸው የለም።

«እንኳን ደስ አለዎት። እርስዎ ልጅዎን ሊሸኙ ነዋ።»

«እሱንም እሸኛለሁ፣ ይህንንም እሰጣለሁ» አሉና ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «አቤቱታ ነው፤ ለአንተ አለቃ። መናኸሪያ ድልድይ ጋ አይሁን ብለን ጻፍን።»

ምስጋና ለመሳቅም ለማልቀስም አልመች አለው። «ሼህ፣ እኔስ ለምን ወደ አሶሳ እንደምመለስ ያውቃሉ? ነገ ሰኔ ሠላሳ ነው። ቦታው እስከ ነገ ካልተወሰነ በጀቱ ተመላሽ ይሆናል። የምሄደው ይመለስ የሚለውን ደብዳቤ ልጽፍ ነው!»

«ይመለስ። በሌላ ዓመት ይመጣል። በአማርኛ ይባላል አይደለም? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ሦስት ዓመት የተቀመጠ ሰው እኮ ቸኮለ አይባልም!»

ይህን ሲባባሉ ከሰፈራው በኩል አቶ ደባልቄ ጃንጥላቸውን ይዘው ደረሱ። አቶ ደባልቄ የሰፈራው ሽማግሌ ናቸው፤ ሼኹን እጅ ነስተው ሰላም ካሉ በኋላ እሳቸውም ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቅ አደረጉ።

«አቤቱታ ነው እንዳይሉኝ ብቻ» አለ ምስጋና።

«ምን ላድርግ የኔ ጌታ፣ ሰዉ ፈርሟል። ድልድዩ ጋ ከሆነ መናኸሪያው በማን ስም ሊጠራ ነው? ስንመጣ ስም አልነበረንም፤ ዛሬም ሰፈራው እየተባልን ነው። አንድ ነገር እንኳ በስማችን ይተከል ማለት ነውር ነው?»

«ነውር አይደለም» አሉ ሼህ ባቢከር በትሕትና፤ «ግን ፋሹር አሮጌ አገር ነው። አሮጌ አገር እያለ መኪና በእንግዳ በር ላይ አይቆምም። ድልድይ ደግሞ የማንም አይደለም። ሴት ልጅ የማንም ባልሆነ ቦታ እንዴት ይቆማል?»

ምስጋና ነዕማን አያት። ሳጥኗን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ፣ የማንም ባልሆነው ቦታ ላይ ካፊያው እየመታት ቆማለች።

«አባቶቼ፣ ይህንን ሣር ማን ረገጠው?» አለ ወደ መሬቱ እያመለከተ። «በዚህ በኩል ከፋሹር የሚመጣ የእግር መንገድ አለ፤ በዚያ በኩል ከሰፈራው የሚመጣ። ሁለቱም እዚህ ነው የሚገናኙት። የእናንተ ሰው እኮ ቦታውን ከመረጠ ሦስት ዓመቱ! ያልመረጣችሁ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ።»

ያኔ የመጀመሪያው አውቶቡስ መጣ። ድልድዩ ላይ ዝግ ሲል ነዕማ እጇን አነሣች። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማቆሚያ አይደለም! ትራፊክ ይቀጣናል!» ብሎ አለፈ። ሼኹ «ሌላ ይመጣል» አሉ። አቶ ደባልቄም «ይመጣል» አሉ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ አልመጣም።

ምስጋና በመጨረሻ ክርክሩ ሰለቸው። «ሼህ፣ እንደ ልጅዎ ልጠይቅዎት። ይህ ድልድይ ምን በደለዎት?»

ሼኹ በከዘራቸው ከመንገዱ ዳር ያለውን ማሽላ አሳዩት። «ድልድይ አልበደለም። የመጀመሪያ ቀን ቀያሽ መጣ። ለካ፣ ችካል ተከለ፣ ሄደ። እኔ እዚያ ማሽላ ውስጥ ነበርኩ፤ ቅርብ ነው። ሰላም አላለም። እንግዳ መጥቶ ሰላም ሳይል ችካል ይተክላል? እንዲህ በተጀመረ ነገር ላይ እኔ ፋቲሃ አልቀራም።»

ሦስት ዓመት! ለአንድ ሰላምታ! ምስጋና ሊጮህ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ያ ቀን ትዝ አለውና መልሶ ዘጋው። ዝናብ ነበር። ቀያሹን ባመጣው መኪና ውስጥ መስኮት ዘግቶ የተቀመጠው እሱ ራሱ ነው። ማሽላው ውስጥ የቆሙትን ሽማግሌ አይቷቸዋል። መውረድ እንዳለበትም ያውቅ ነበር፤ ጭቃውን ፈርቶ ቀረ።

«መኪናው ውስጥ እኔ ነበርኩ» አለ። «አይቼዎት ነበር። ወርጄ ሰላም ማለትና ማስፈቀድ የእኔ ሥራ ነበር። አጥፍቻለሁ፣ ሼህ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይህን ቃል ሦስት ዓመት ጠበቅኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተ ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሳይናገር የሚቀየም ሽማግሌና ሳይጠይቅ የሚናደድ ሹም የተገናኙበት አገር መንገድም ትምህርት ቤትም አያገኝም። ስብሰባ ግን ሞልቶታል።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ ሼኹ። «ግን አቤቱታ ተጽፏል፤ ሰው ፈርሟል። በሚመጣው ጁምዓ እንሰብሰብ።»

«እኛም በእሑዱ እንሰብሰብ» አሉ አቶ ደባልቄ።

«ጁምዓ እኮ ሐምሌ ሦስት ነው!» አለ ምስጋና፤ ድምፁ ሳያስበው ከፍ አለ። «በጀቱ የሚያልቀው ነገ ነው እያልኳችሁ!»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው አውቶቡስ መጣ። ነዕማ እጇን አነሣች፤ ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ድልድዩን ሲሻገር ሼህ ባቢከር፣ በሕይወታቸው ሲቸኩሉ ታይተው የማያውቁት ሰው፣ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከኋላው ሮጡ። ከዘራቸውን እያወዛወዙ «ቁም! ልጄ ነው! ልጄ ይቀርበታል!» እያሉ ጮኹ። አውቶቡሱ መታጠፊያው ላይ ተሰወረ። ሼኹ ጭቃው ውስጥ ቆመው ቀሩ፤ ሲመለሱ ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ነበር።

እስካሁን አንድ ቃል ያልተነፈሰችው ነዕማ ያኔ ተናገረች።

«አባቴ፣ ሁሉም እንዲሰሙኝ በአማርኛ ልንገርህ። መናኸሪያው በማን በር ይሁን ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። አምና ማሪያም እዚሁ በቃሬዛ ተኝታ መኪና ስትጠብቅ ወለደች፤ ልጁ አልቆየም። ያን ቀን አንተም አቶ ደባልቄም ስብሰባ ላይ ነበራችሁ። ጤና ልማር ያልኩት በዚያ ምክንያት ነው። አሁን እኔም እዚሁ ቆሜ ልቅር? ከሆነ ንገረኝና ሳጥኔን ይዤ ልመለስ።»

አቶ ደባልቄ ጃንጥላቸውን አጠፉ። «አይ የኔ ልጅ» አሉ። ማሪያም የሰፈራው ልጅ ነበረች፤ የእሳቸው የእህት ልጅ።

ሼህ ባቢከር አቤቱታውን ከኪሳቸው አውጥተው ለአቶ ደባልቄ ሰጡ፤ አቶ ደባልቄም የራሳቸውን ለሼኹ ሰጡ። ሁለቱም የተቀበሉትን ቀደዱ። ከዚያ ሼኹ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ቀሩ፤ አቶ ደባልቄ ባርኔጣቸውን አውልቀው «አሜን» አሉ። ዐሥራ አንድ ስብሰባ ያልጨረሰው ነገር በዝናብ ውስጥ፣ ሳይቀመጡ፣ ከአምስት ደቂቃ በማይበልጥ ጊዜ አለቀ። ምስጋና ደስ ሊለው ሲገባ ይበልጥ ተናደደ፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ወዴት ሄደ?

«አሁን እንሂድ» አሉ ሼኹ። «በእግር። አራት ሰዓት ሙሉ ይቀረናል።»

ሳጥኑን በዱላ አንጠልጥለው አቶ ደባልቄና ምስጋና ተሸከሙት። ከፋሹር ማዶ ያለው ወንዝ ሞልቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አቆማቸው፤ ከዚያ ወዲያ ዳገቱ ላይ ጭቃው ሼኹን ሁለት ጊዜ ጣላቸው። ነዕማ ልደግፍህ ስትል «አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም» ይሏታል። እሷ ግን አባቷን ጥላ አልሄደችም። አሶሳ ምዝገባው በር ላይ ሲደርሱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በሩ ተቆልፏል።

መዝጋቢው ደብተሩን በብብቱ ይዞ ሲወጣ አገኙት። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ የሼኹን ጭቃ የለበሰ ጀለቢያ አይቶ አዘነ። «አንዲት ተጠባባቂ በር ላይ ስትጠብቅ ውላ በዐሥራ አንድ ሰዓት ቦታው ለእሷ ተሰጠ፣ አባቴ። መዝገቡ ተዘግቷል» አለ።

«ሩብ ሰዓት እኮ ነው!» አሉ ሼኹ። «ሩብ ሰዓት ምን አለው?»

ይህን ከአፋቸው እንዳወጡ ዞር አሉ። ምስጋናን አዩት። ሦስት ዓመት ምን አለው ሲሉ የኖሩት እሳቸው እንደሆኑ ማንም እንዲነግራቸው አላስፈለገም። ነዕማ ሳጥኗ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ምስጋና ሼኹ አሁን ተቆጥተው ሁሉን ያፈርሳሉ ብሎ ፈራ።

«የመናኸሪያ ውሳኔ ወረቀት አምጣ» አሉት ሼኹ። «ዛሬ። አሁን።»

ምስጋና የመሥሪያ ቤቱን ዘበኛ ለምኖ ቢሮውን አስከፈተ። ሼኹ በዐረብኛ ፊደል፣ አቶ ደባልቄ በአማርኛ ፈረሙ። በማግስቱ፣ ሰኔ ሠላሳ ቀን፣ የመመለሻው ደብዳቤ ሳይሆን የቦታው ውሳኔ ለአለቃው ገባ፤ በጀቱም ተረፈ።

መናኸሪያው ከዝናቡ በኋላ ድልድዩ አጠገብ ተሠራ፤ በአርባ ቀን ሳይሆን በአርባ ሦስት ቀን። ስሙ የሁለቱም ነው፤ ሾፌሮች ግን «ድልድዩ» ነው የሚሉት። ዛሬ የፋሹር ማንጎ ሳይበሰብስ አሶሳ ገበያ ይደርሳል። ምጥ የያዛት ሴት ጥላ ሥር ጠብቃ ሐኪም ቤት ትገባለች። አስተማሪ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ ስለቻለ «ቀይሩኝ» የሚል ማመልከቻ ማስገባት ትቷል። አንዱን ሻይ ቤት የፋሹር ሴት፣ ሌላውን የሰፈራው ሴት ከፍታለች፤ ስኳር ሲያልቅባቸው ይበዳደራሉ። የምስጋና መሥሪያ ቤትም ከዚያ ወዲህ ችካል የሚተክል ሰው መጀመሪያ ከመኪና ወርዶ የአገሩን ሽማግሌ ሰላም ሳይል፣ ቅሬታ እንዳለውም ሳይጠይቅ ሥራ እንዳይጀምር አዟል። ለውጥን የሚፈራ ሰው ሁሉ ነገር የማይገባው ሰው አይደለም፤ አንዳንዱ የተቀየመ ነው። የተቀየመ ሰው ደግሞ ቅያሜውን ቶሎ መናገር ግዴታው ነው፤ ጊዜ ቅያሜ አይጠብቅም።

ነዕማ ግን ያን ዓመት አልተማረችም። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተፈትና አለፈች፤ በመጀመሪያው አውቶቡስም ሄደች። በመካከሉ ያለፈውን አንድ ዓመት ግን የመለሰላት የለም።

ይህን ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት አባቷ ናቸው። ዛሬ በፋሹር ስብሰባ፣ የጉድጓድ ውሃ ይሁን የወፍጮ ቤት፣ አንድ ሰው ተነሥቶ «ለሚመጣው ሳምንት ይተላለፍ» ያለ እንደሆነ፣ ሼህ ባቢከር ከዘራቸውን ተደግፈው ይነሣሉ።

«ይተላለፍ» ይላሉ። «ግን መጀመሪያ ንገረኝ። በዚህ ሳምንት የማን ልጅ ይቀራል?»