ቀድሞ የተገዛ ጨርቅ

አያ ቢያዝን ከደጋው መንደራቸው ከኮሶዬ ወደ ጎንደር የወረዱት አቡጀዲ ሊገዙ ነበር። ለማን እንደሚገዙ ለማንም አልነገሩም። ሽማግሌ ገበያ ወረደ ሲባል ጨው ሊሸምት ወይም ማረሻ ሊያይ ነው ይባላል እንጂ የሚመረምረው የለም። ጨርቁን ከጣቃው ላይ በቁመታቸው ልክ አስቀደዱ፤ አጣጥፈው በከረጢታቸው ከተቱ፤ ከዚያም ወደ መናኸሪያው ለመመለስ በቅዳሜ ገበያ መሐል አቋረጡ።

በሕፃናት ልብስ መሸጫዎቹ በኩል ሲያልፉ የሚያውቁት ጀርባ አዩ። የልጃቸው የአስናቀው ጀርባ ነበር። አስናቀው በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ አውራ ጣቱን እንኳ የማታስገባ ካልሲ አንጠልጥሎ ያያል። ሚስቱ ዓይናዲስ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ፣ አንድ እጇን ከሆዷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ከደጅ ቆማለች። ጊዜው የጥቅምት መጨረሻ ነው፤ መውለጃዋ ደርሷል። ጠዋት ከቤት ሲወጡ «ለክትትል ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን» ነበር ያሉት።

አያ ቢያዝን እንዳላየ ሆነው ማለፍ ይችሉ ነበር። አላለፉም።

«ሐኪም ቤቱ እዚህ ነው?» አሉ።

ካልሲዋ ከአስናቀው እጅ ወደቀች። «አባባ! ምነው፣ አንቱ ደግሞ ምን ሊሠሩ ወረዱ?»

«የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

«ክትትሉን ጨርሰን ነው። እግረ መንገዳችንን እንዲያው...»

«እግረ መንገድ!» አሉ አያ ቢያዝን። «እግረ መንገድ ሰው ዘመድ ይጠይቃል እንጂ ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይለካም።»

ባለሱቋ ሽታዬ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። ገበያ ሊበላሽባት መሆኑ ሲገባት ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ አለች።

«ይግቡ አያ፣ ይግቡ! አያት ነዎት መሰለኝ። ይኸውልዎ፣ ሸጋ ጋሪ አለኝ፤ ልጁን አስቀምጠው እየገፉ አገር ያሳዩታል።»

አያ ቢያዝን ባለ አራት ጎማውን የሕፃን ጋሪ ከላይ እስከ ታች አዩት። «አንች የእኛን አገር አታውቂውም። ኮሶዬ ላይ ይህ ነገር ከእጅ ቢያመልጥ የሚቆመው ቆላ ወርዶ ነው።»

ሽታዬ ሳቀች። አስናቀውም ሊስቅ ብሎ የአባቱን ፊት ሲያይ ተወው።

«እሺ ጡጦስ?» አለች ሽታዬ።

«ጡት አለኝ» አለች ዓይናዲስ ከደጅ። እስከዚያች ሰዓት ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

አያ ቢያዝን ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ስማ አስናቀው። አባቶቻችን ይህን ክፉ ነው ያሉት ሳያውቁ አይደለም። ልጅ ሲወለድ ከአባቱ አሮጌ ጋቢ ይቀደድለታል። በሕይወት ከቆየ፣ ክርስትና ሲነሣ አዲስ ይለብሳል። ገና ሳይመጣ መጣ ማለት እግዚአብሔርን መቅደም ነው። አምናም ይህንኑ ነግሬያችሁ ነበር።»

አምና የምትለው ቃል ከአፋቸው እንደወጣች አስናቀው የወደቀችውን ካልሲ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ሽታዬም ነገር እንዳለ ገባትና ወደ መደርደሪያው ጀርባ ተመለሰች።

አምና የሆነው ይህ ነው። ዓይናዲስ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለ፣ ጎንደር የምትኖር እህቷ ሄለን አንዲት ነጭ የሱፍ ኮፍያ ላከችላት። አያ ቢያዝን ሲሰሙ «ከቤቴ ትውጣ» አሉ። ኮፍያዋ ከወንዝ ማዶ በጎረቤት ቤት እንድትቀመጥ ተደረገ። መስከረም መግቢያ ላይ፣ ክረምቱ ሳይወጣ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ምጥ መጣ። ማኪና አልተገኘም። አስናቀው አዋላጅ ፍለጋ በዝናብ ሲሮጥ ቆይቶ ሲመለስ ልጁ ከቤት ተወልዶ ጠበቀው። ወንድ ነበር፤ አልቅሷል። እንደ ልማዱ በአባቱ ጋቢ ተጠቀለለ። ጋቢው አስናቀው ለብሶት ሲሮጥ በዝናብ የራሰ ነበር። ልጁ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ከለቅሶው ላይ አንዲት ሴት «ኮፍያዋ ናት የወሰደችው» አለች፤ ሌላዋም ተቀበለቻት፤ ወሬውም እንደ እውነት ጸና።

ዓይናዲስ ቀስ ብላ ወደ ሱቁ ገባች። ሽታዬ በርጩማ አቀረበችላትና ተቀመጠች። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ በአማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ ናት። አሁንም ከፍ አላደረገችም።

«አምና ካሉ አይቀር አያ፣ ስለ አምና እንነጋገር። ልጁን ኮፍያዋ ወሰደችው ተባለ። አንቱም ሰምተው ዝም አሉ።»

«ዝም ማለት መናገር ነው?»

«ለእኔ ነው።»

አያ ቢያዝን መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኮፍያዋን ልጁ ለብሷት አያውቅም» አለች ዓይናዲስ። «እርሷ ከወንዝ ማዶ ነበረች፤ እርሱ ከእኔ እቅፍ። ከማዶ ሆና ነው የገደለችው?»

«ክፉ ነገር ለመግደል መቅረብ አያሻውም።»

«እንግዲያው ዛሬ ነርሷ የነገረችኝን ይስሙኝ። ሕፃን ርሶ ነው የሚወለድ። ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ካልደረቀ፣ እርጥቡ ተነሥቶ በሌላ ደረቅ ካልተጠቀለለ፣ ከእናቱ ገላ ካልተለጠፈ ሙቀቱ ይሸሻል። ራሱ ካልተሸፈነ ደግሞ ይብስበታል። የቀዘቀዘ ሕፃን አያለቅስም አለችኝ። ዝም ይላል። ጡትም አይስብም። እኛ ተኛ ብለን ነበር አያ። ዝም ሲል፣ ተኛ፣ አትቀስቅሱት ብለን ነበር።»

አስናቀው ፊቱን ወደ መደርደሪያው መለሰ።

ሰው በዓይኑ ፊት የሆነን ነገር ሌላ ስም ተሰጥቶት ሲሰማ መጀመሪያ ይቆጣል። አያ ቢያዝንም ተቆጡ።

«እኔስ በምን ተጠቀለልሁ? በአሮጌ ጋቢ አይደለም? አላደግሁም?»

«አደጉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከእናትዎ ልጆች ስንቱ አደገ?»

ሽማግሌው በልባቸው ቆጠሩ። ከእናታቸው ልጆች ያደጉት እርሳቸውና አንዲት እህታቸው ብቻ ነበሩ። የቀሩት ስማቸው እንኳ አይታወስም።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ።

«ነው። ጎተራችንን በጭቃ የምንመርገው ግን ፈቃዱን ጠልተን አይደለም። እህሉን የሰጠን እርሱ፣ እጅ የሰጠንም እርሱ ስለሆነ ነው።»

አስናቀው ይህን ሲሰማ ልብ አገኘ። «ደግሞስ አባባ፣ በግ ስትከብድ ደረቅ ጭድ የሚያነጥፉላት አንቱ አይደሉ? ከወለደች በኋላ ነው እንዴ የሚያነጥፉት?»

«አንተ ደግሞ!» አሉ አያ ቢያዝን። «የበግ ግልገል ቢሞት ጭዱን ለአህያ ትሰጠዋለህ፤ አለቀ። ልብስ ተገዝቶ፣ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ ልጁ ቢቀርስ? ያን ልብስ ማን ያየዋል? ማን ከሣጥን ያወጣዋል? እኔ የምፈራው እርሱን ነው።»

እስከዚያ የተናገሩት ሁሉ የአባቶች ቃል ነበር፤ ይህ ግን የራሳቸው ነው። ብዙ ልማድ ከሥሩ ሲታይ ሐዘን ነው። ልጅ በልጅ ላይ የቀበሩ እናትና አባት፣ ዳግመኛ እንዳይጎዱ ተስፋቸውን ከደጅ ማሳደር ለመዱ። እነርሱ ላይ አይፈረድም። ነገር ግን ተስፋው ከደጅ ሲያድር ደረቁ ጨርቅም አብሮት ከደጅ አደረ።

ዓይናዲስም የአማቷን ፊት አየችና ከቁጣ ይልቅ አዘነችላቸው።

«እውነትዎን ነው፤ ባዶ ልብስ ማየት ከባድ ነው። ኮፍያዋን ከማዶ አስመጥቼ በሣጥኔ አኑሬያታለሁ። ሳላያት የዋልሁበት ቀን የለም። ግን ባዶዋን ኮፍያ ከማየት ይልቅ፣ ልጄ በዚያ ብርድ ራሱ ባዶ እንደነበረ ማሰብ ይከብደኛል።»

አያ ቢያዝን ከበሩ መድረክ ላይ ሊቀመጡ ከረጢታቸውን ሲያወርዱ አፉ ተከፈተና የአቡጀዲው ጫፍ ወጣ። ሽታዬ እጇን አጨበጨበች።

«ውይ አያ! እኛን እየተቆጡ አንቱ ለሽንት ጨርቅ አቡጀዲ ገዝተዋል!»

«ለልጁ አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ለራሴ» አሉ አያ ቢያዝን።

ነጭ አቡጀዲ፣ በአንድ ሰው ቁመት ልክ። ሽታዬም ገባት፤ አፏን በመዳፏ ያዘች። የመግነዝ ጨርቅ ነበር።

«አባባ፣ ምነው?» አለ አስናቀው። «ታመዋል?»

«አልታመምሁም። እናትህ የትነበርሽ በሞተች ጊዜ የሆነውን ረሳህ? ከቤቱ ነጭ ጨርቅ ጠፍቶ ካህናቱ ቆመው ሲጠብቁ፣ እኔ ከጎረቤት ጎረቤት እየለመንሁ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ እኔን ስትቀብሩ አትሯሯጡም አልሁ። ለዚህ ነው።»

ዓይናዲስ የጨርቁን ጫፍ ዳሰሰች።

«አያ፣ ይህን ሲገዙ ሞትን የጠሩት መሰለዎ?»

«ኧረ ለምን? ሞት እንደሆነ ሳይጠራም ይመጣል። ሲመጣ ሰው ባዶ እጁን እንዳይ...»

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ቆሙ። የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት።

«ይህኛውም ሳይጠራ ይመጣል» አለች ዓይናዲስ እጇን ከሆዷ ላይ አድርጋ። «የሚመጣው በኅዳር ውርጭ ነው። እኔ ከአንቱ ጋር ለመከራከር አልመጣሁም። ያለ ፈቃድዎ አልገዛም፤ ለዚህ ነው ከደጅ የቆምሁት። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። የሰውን ሁሉ አፍ እችለዋለሁ፤ የአንቱን ዝምታ ግን ዳግመኛ አልችለውም። ይህኛውም እንደዚያኛው ቢሆን፣ እናቱ በገዛችው ጨርቅ ገደለችው ይባላል?»

አያ ቢያዝን አቡጀዲውን ከከረጢቱ አወጡና በሽታዬ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«ቅደጂው» አሉ። «ለሕፃን በሚሆን ልክ።»

አስናቀው ደነገጠ። «አባባ! የመግነዝ ጨርቅ እኮ ነው!»

«መግነዝ የሚሆነው ሬሳ ሲጠቀለልበት ነው። እስከዚያ አቡጀዲ ነው። እኔ ከሞትሁ በኋላ አይበርደኝም።»

ሽታዬ ቀልዷን ትታ መቀሷን አነሣች። ጫፉን በመቀስ እየጀመረች በእጇ ቀደደችው። ታጥቦ እንዲለሰልስ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ እንዲደርቅ፣ በንጹሕ ፌስታል ተጠቅልሎ እንዲቀመጥ መከረቻቸው። አስናቀው አንድ ወፍራም የሕፃን ብርድ ልብስና ያችን የጣላትን ካልሲ ከነጥንዷ ጨመረ። ከኮፍያዎቹም አንዱን ሲያነሣ አባቱ ያዙት።

«ኮፍያ አትግዛ። ኮፍያ አለ።» ወደ ዓይናዲስ ዞሩ። «ልጄ፣ ከሣጥን አውጫት። ያች ኮፍያ ማንንም አልገደለችም። በሰዓቱ ብትኖር ኖሮ... ብቻ ማንንም አልገደለችም። እኔ ብያለሁ። የሚል ቢኖር ወደ እኔ ይምጣ።»

ዓይናዲስ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ያለቀሰችው ያን ቀን ነበር።

አያ ቢያዝን እንዳሉት አደረጉ። ከማኅበር ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ወሬው በተነሣበት ቦታ ሁሉ የኮፍያዋን ነገር በአፋቸው አስተባበሉ። ምጥ ሳይመጣ ከባለማኪና ጋር ተነጋገሩ፤ ዓይናዲስም ቀኗ ሲቃረብ ጎንደር እህቷ ዘንድ እንድትሰነብት አደረጉ። በኅዳር ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ በደረቅ አቡጀዲ ተጠርጋ፣ በሌላ ደረቅ ተጠቅልላ፣ ነጯን ኮፍያ ደፍታ ከእናቷ ደረት ላይ ተኛች። ዝም ባለች ቁጥር ዓይናዲስ እግሯን ትዳስስ ነበር፤ ይሞቃል። በክርስትና ስሟ ወለተሩፋኤል ተባለች። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሴት ስትከብድ ጎረቤቶቿ «ደረቅ ጨርቅ አስቀምጠሻል? ለማኪናው ማንን ነገርሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እግዚአብሔርን ቀደምሽ የሚላት የለም። ከእነዚያ ቤቶች ሁሉ ሕፃን አልሞተም ማለት አይቻልም፤ ይሞታል። በእርጥብ ጋቢ ግን አይሞትም፤ እናቱም በልጇ ሞት አትወቀስም።

አያ ቢያዝን ሌላ አቡጀዲ እንዲገዙ ሲነገራቸው «ይደርሳል» ይሉ ነበር። አልደረሰም። በሐምሌ፣ ጉሙ ከደጅ በማይነሣበት ሰሞን፣ ሳይታመሙ አደሩና አልነቁም። ከቤቱ ነጭ ጨርቅ አልነበረም። አስናቀው በዝናብ ሮጠ፤ ካህናቱ ቆመው ጠበቁ፤ ጨርቁ ሲመጣ ጫፉ ረጥቦ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ቀድሞ ገዝቶ አኑሮ ነበር ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ምነው እንዲህ ባለ ቀን እርጥብ ይልበስ?» ብለው አዘኑ።

ዓይናዲስ ልጇን አዝላ ከበሩ ቆማ ነበር። የሕፃኗ ነጭ ኮፍያ ወደ ኋላ ሸርተት ብላለች። እንባዋን ሳትጠርግ እጇን ወደ ጀርባዋ ሰድዳ ኮፍያዋን እስከ ጆሮዋ አወረደችላት።

«አይበርደኝም ብለዋል» አለች።