እትዬ ተረትና ሳይነበብ የቀረው ተረት

እኅታችንን ወደ ማረፊያቸው ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ ይህን የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፈውም የሚያነበውም የእናታቸው ልጅ፣ ታላቅ ወንድማቸው ነው። በታሪኩ ውስጥ የእርሱም ጥፋት ስላለበት፣ ሳይቀንስ ሲያነበው እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት እንድታዳምጡት በአክብሮት ይጠይቃል።

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ከዛሬ ስድሳ ሦስት ዓመት በፊት ተወለዱ። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ስለ ነበረው ከአንደኛው የመጋዝ፣ ከሌላው የስፌት መኪና ድምፅ አይጠፋም ነበር። እናታቸው መኪናውን በእግራቸው እየረገጡ ለሁለቱ ልጆቻቸው ተረት ይነግሩ ነበርና፣ ክሩ ሲበጠስ ተረቱም ይቋረጥ፣ ክሩ ሲቀጠል ተረቱም ይቀጥል ነበር። በሰባት ዓመት የሚበልጣቸው ወንድማቸው ተረት ባለቀ ቁጥር «ትርጉሙ ምንድን ነው?» እያለ እናቱን ሲያደርቃቸው፣ እሳቸው «እኔ ሰፍቼ ጨርሻለሁ፤ የሚለብሰው ይለካው» ይሉት ነበር። ወንድምየው ይህን መልስ እንደ ስንፍና ቆጥሮ ናቀው፤ እኅታችን ግን ዕድሜ ልካቸውን ያዙት።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በመልካም ውጤት አጠናቅቀው በሃያ አንድ ዓመታቸው በሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ፤ በዚያም ከአንዲት መስኮት ጀርባ ተቀምጠው ሠላሳ አራት ዓመት አገለገሉ። ሥራቸው የበሽተኛውን ስም ጠይቆ ካርዱን ከመደርደሪያ ማውጣት ነበር። ነገር ግን ወረፋ ያሰለቸውን ሰው ባዩ ጊዜ «ካርድዎ እስኪገኝ እስኪ አንድ ተረት ያቀብሉኝ» ይሉና፣ የሰሙትን በኅትመት በተበላሸ ካርድ ጀርባ ጽፈው በጫማ ካርቶን ያኖሩት ነበር። «ካርዴ ጠፍቶ ነው ወይስ ተረት አልቆብሽ?» እያሉ የሚቀልዱባቸው ተመላላሾች «እትዬ ተረት» የሚል ስም አወጡላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ድረስ አብሯቸው ኖረ።

ካርቶኖቹን የለዩአቸው በእንስሳ ወይም በተራኪው አገር አልነበረም። በአንደኛው ላይ «ምቀኝነት»፣ በሌላው ላይ «ረኃብ»፣ በሌላው ላይ «ከእናት መለየት» ብለው ጽፈዋል። አንድ ዓሣ አጥማጅ በኤሊ የነገራቸውን ተረት አንድ ጡረተኛ ወታደር በበቅሎ፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ነርስ ደግሞ በዝንጀሮ መልሳ ስትነግራቸው፣ ሦስቱን ካርዶች በአንድ ክር አስረው «ቆዳው ለየቅል፣ አጥንቱ አንድ» ይሉ ነበር። ሰው በየትም ቋንቋ ይናገር የሚፈራውና የሚናፍቀው ያው መሆኑን፣ እሳቸው የተማሩት ከዚያች መስኮት ነው።

ከሆስፒታሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ጨዋታ ዐዋቂ ነበሩና «እኔን ብቻ ተረት አትጠይቀኝም፤ የማመሽበትን ሰበብ ሰምታ ጠግባለች» እያሉ ያስቁ ነበር። በተጋቡ በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ሞት ለያቸው። እኅታችንም ከዚያ ወዲያ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከካርዶቹ ውስጥ አርባ ሰባት ተረቶች መርጠው ለመጽሐፍ አዘጋጁ። ወንድማቸው በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበርና፣ የፊደል ግድፈት ብቻ እንዲያርም ረቂቁን በአደራ ሰጡት። እርሱ ግን ምክር የሌለው ተረት ልጓም የሌለው ፈረስ ነው ብሎ ስላመነ፣ ውለታ የዋለ መስሎት፣ እኅቱን ሳያማክር ከየተረቱ ግርጌ «ምክር» የሚል አንቀጽ ጨምሮ ወደ ማተሚያ ቤት ላከው።

መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ፣ ከተረቶቹ አንዱን ያቀበሉ ሽማግሌ ሾፌር ከመስኮቱ ፊት ቆሙ። በእርሳቸው ተረት ሥር «ታናሽ ለታላቁ ሊታዘዝ ይገባል» የሚል ተጽፎ ነበር። «እትዬ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። ተረት ሰጥቼሽ ተግሣጽ መለስሽልኝ» ብለው መጽሐፉን ከመስኮቱ ላይ ትተውት ሄዱ። በዚያን ቀን እኅታችን ወረፋው ሳያልቅ መስኮቱን ዘግተው እንዳለቀሱ ባልደረቦቻቸው ያስታውሳሉ። ከሥራ ሲወጡም በቀጥታ ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደው «ጋሼ፣ ሰው አምኖ የሰጠኝን ቃል ለምን አበላሸህብኝ?» ቢሉት፣ እርሱ ከወንበሩ እንኳ ሳይነሣ «ታናሽ ታላቁን አያርምም» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር የግማሽ ሰዓት ነው። እርሱ ታላቅ ነኝና ትምጣ አለ፤ እሳቸው የተበደልኩት እኔ ነኝና ይምጣ አሉ። እርሱ በእኅቱ ልጅ እጅ መድኃኒት ይልክላቸው፣ እሳቸውም በዚያችው እጅ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሹራብ ይልኩለት ነበር። ሹራቡ ሁልጊዜ ልኩ ነበር።

በመጨረሻ እኅታችን በልብ ድካም ሲታመሙ ልጃቸው ወንድማቸውን ጠራችውና መጣ። ከአፋቸው ነቀፋ አልወጣም፤ መጽሐፉንና ቀይ እስክሪብቶ ሰጥተው «ያስገባኸውን አንተው አውጣው» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃያ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጣ፣ በቀን ሁለት ሁለት ተረት እያነበበ፣ ምክሩ ጋ ሲደርስ ይሰርዘው ነበር፤ እሳቸውም የእስክሪብቶውን ድምፅ ዐይናቸውን ጨፍነው ያደምጡ ነበር። የሾፌሩ ተረት ያለበትን ገጽ ግን አፍሮ ዘለለው። እሳቸውም ዐውቀውበት «ይቆይህ» አሉት። አርባ ስድስቱ አልቀው ያ አንዱ ሲቀር፣ በሃያ አራተኛው ቀን ጠዋት፣ እርሱ ሳይደርስ ዐረፉ።

እኅታችን አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ዐሥራ ስምንት የጫማ ካርቶንና አንድ ታላቅ ወንድም ትተው አልፈዋል። ሳይነበብላቸው የቀረው ተረትም ይህ ነው።

ተረት ተረት። ወንድምና እኅት ከወንዝ ወዲያና ወዲህ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ተጣሉና፣ እሱም ትምጣ አለ፣ እሷም ይምጣ አለች። ነገር ግን ሆዳቸው አልጨክን ቢላቸው፣ እሱ እንድትሻገር በየማለዳው አንድ ድንጋይ ወንዙ ውስጥ ያኖርላታል፤ እሷም እንዲሻገር አንድ ታኖርለታለች። ድንጋዮቹ ከወንዙ መካከል ተገናኙ። ሁለቱም ከየደጃቸው ቆመው መንገዱን ሲያዩ ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት ከእኅቱ ቤት ጭስ ሳይወጣ ቀረ። ወንድምየው እየሮጠ ተሻገረ። ከደጇ ደርሶ እግሩን ቢያይ፣ አልራሰም ነበር።

ከዚህ በታች በመጽሐፉ ሦስት መስመር ምክር ነበረ። ዛሬ ጠዋት ተሰርዟል።

ሠላሳ አራት ዓመት የሰውን ሁሉ ስም ጠይቀው የማንንም ካርድ ያላጡትን የእኅታችንን ስም፣ አምላክም ከሕይወት መዝገብ አያጥፋው፤ ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ያኑርልን።