ቡና የተሰጣበት አጎበር

ወደ አጋሮ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ» ሲለን፣ የሾፌር አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሆነ ስለማውቅ ጥላ ፍለጋ ወረድኩ። ሐጂ አብራር ግቢ የገባሁት እንዲህ ነው። ሽማግሌው ቡናቸውን እያገላበጡ ነበር። ቡናው የተሰጣው በእንጨት ቆጥ ላይ በተወጠረ አጎበር ነው፤ ያውም ጤና ጣቢያ ለወባ መከላከያ የሚያድለው፣ ገና አዲስ።

ጅማ ውስጥ ታሪክ እንደማስተምር ስነግራቸው፣ ሰሞኑን የማስተምረው ስለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት ውቅያኖስ ያገናኘው የፓናማ ቦይ፣ ፈረንሳዮች መጀመሪያ ሲሞክሩት ሃያ ሺህ ያህል ሰው እንደፈጀ አወራኋቸው። እኔ ወሬ ከጀመርኩ ማን ያቆመኛል።

«ትልቅ ሥራ ሰው ይበላል። ደግሞ ሁሉም በአጀሉ፣ በተቆረጠለት ቀን ነው» አሉ ሐጂ።

አጠገባቸው የቆመችው የእህታቸው ልጅ ኢፍቱ የጤና ተማሪ ናት። በዚያ አጎበር ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ መክረሟ ያስታውቃል። የልጃቸው ሚስት ሳቢሃ ነፍሰ ጡር ሆና ያለ አጎበር ትተኛለች፤ ሐጂ ደግሞ አፈር አፈር የሚል ቡናን ገዢ ይጠየፈዋል ባይ ናቸው።

«አጎቴ፣ ሁሉም በአጀሉ ከሆነ ማታ በሩን ለምን ይቀረቅራሉ?»

«ሌባ ይገባላ።»

«ቢምቢም ትገባለች። እነዚያን የቦዩን ሠራተኞች በብዛት የጨረሳቸው ቁፋሮው ሳይሆን ወባና ቢጫ ወባ ነው። ሆስፒታላቸው ውስጥ ጉንዳን በሽተኛው ላይ እንዳይወጣ ብለው የአልጋውን እግር ውሃ በሞላ ሳህን ውስጥ አቆሙት። በዚያ ውሃ ቢምቢ ተፈለፈለ። ከጉንዳን ያዳኑትን ሰው ለቢምቢ ሰጡት። በሽታው በቢምቢ እንደሚመጣ አያውቁም ነበር፤ እርስዎ ግን ያውቃሉ።»

ሐጂ ቡናውን ማገላበጥ ትተው ቦዩ በኋላ ተቆፍሮ አለቀ ወይ ብለው እኔን ጠየቁኝ። ማለቁንስ አለቀ፤ ሌሎች መጥተው የረጋውን ውሃ አፋሰሱ፣ መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ጋረዱ፣ ሞቱም በጣም ቀነሰ አልኳቸው። ኢፍቱም ቡናው ሰሌን ላይ ቢሰጣና ማታ ማታ ቢሰበሰብ አፈር እንደማይነካው፣ እናቲቱ ከወባ ከዳነች ጽንሱም እንደሚተርፍ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው።

ሳቢሃ ከጓዳ ብቅ ስትል ሐጂ ቀና ብለው አዩዋት።

«አንሡት» አሉ። «ይቺን ልጅ አፈር ከሚበላት ቡናዬ አፈር ቢሸት ይሻለኛል።»

ሳቢሃ የአጎበሩን ጫፍ ከሁላችንም ቀድማ ያዘች።