ወተት ሻጮቹ በብስኩት

ክቡራትና ክቡራን! ሌላ ቀን እንዲህ ብዬ ጠርቻችሁ አላውቅም፤ ዛሬ አበባ ስለያዛችሁ ይሁንላችሁ። አለቃችን፣ እኔን ለመሸኘት ሱቁን ስለዘጉ አመሰግናለሁ። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ በሥራ ቀን ሲዘጋ ያየሁት ዛሬ ነው።

የምንሸጠው ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ እንቁላል። የምንበላውስ? ብስኩትና ለስላሳ፣ ያውም ቆመን። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ! ይህን ሥርዓት ማን አመጣው? እኔው ኃላፊያችሁ ነኝ። "ደንበኛ ቆሞ ሻጭ አይቀመጥም" ብዬ የምሳ ሰዓት አስቀረሁ። አለቃችንም "ጎበዝ!" አሉኝ። ምን ያድርጉ ታዲያ?

እጄ የተሰበረው ከመሰላል ወድቄ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው። የበራፉ ምንጣፍ አደናቅፎኝ በእጄ ብደገፍ ቀጭ አለ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ጠየቀኝ።

"እናቴ፣ በወጣትነትዎ ምን ይበሉ ነበር?"

"ብስኩት።"

"ሥራዎስ?"

"ወተት መሸጥ።"

ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን አዞረ። ሲመለስ ግን አልሳቀም። አጥንት የሚከማቸው እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መጠበቅ ነው አለኝ። ለነጋዴ ይህ ግልጽ ነው፤ በደህና ጊዜ መጋዘኑን ያልሞላ በክፉ ጊዜ ባዶ መደርደሪያ ይጠርጋል። ማታ በማስታወሻዬ "ወተት ሻጯ በብስኩት ተሰበረች" ብዬ ጻፍኩ። ጡረታ የምትሉትም ይኸው ነው፤ ካርቶን አታንሺ ተብዬ ነው የምወጣው።

አንተ ጡንቻው፣ የመጋዘኑ ጌታ፣ ምን ያስቅሃል? ደረትህ በበር አያስገባህም፣ ምሳህ የሕፃን መክሰስ! አንቺስ ገንዘብ ያዧ? "እትዬ፣ ወተት ያወፍራል" አልሽኝ። የኔ ልጅ፣ ወገብሽ ይቅጠን፤ አጥንትሽን ግን ምን ሁን ነው የምትይው?

አለቃችን፣ የግድግዳ ሰዓት ገዝተውልኛል አሉ። ይቅርብኝ። በምትኩ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሱቁ መዝጊያ ለግማሽ ሰዓት ይውረድና ልጆቹ ተቀምጠው እንቁላሉንም፣ እርጎውንም፣ አይቡንም በጎመን ይብሉ። "ደንበኛ ይሄዳል" ሊሉኝ ነው። ይሂድ፤ ይመለሳል። አጥንት ነው ሄዶ የማይመለሰው።

እንደራደር ካሉም፣ አቅራቢዎቹን በደንብ የማውቃቸው እኔ ነኝ። እኔን የምትተካው ገንዘብ ያዧ ናት። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ወር እየመጣሁ አስተምራታለሁ፤ ልክ በስድስት ሰዓት። መዝጊያው ክፍት ከሆነ ከበራፍ እመለሳለሁ።

ምን አሉ፣ አለቃችን? ጮክ ይበሉ፣ ከኋላ ያሉት አልሰሙም! "ይውረድ" አሉ! ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።

በሉ እንግዲህ፣ ንግዳችሁ ይድራ። ጥርሳችሁ እስከ እርጅና ያኝክ፣ ጉልበታችሁ ደረጃ አይፍራ። የልጅ ልጅ አቅፋችሁ ስትነሱ የሰው እጅ የማትፈልጉ ያድርጋችሁ።